ለእህትህ ስጣት ያልኩህ ወረቀት

ኅዳር 3

ለፋርማሲስቷ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ሰኞ ዕለት በትምህርት ቤቴ በኩል ደርሶኛል። የክፍል ኃላፊያችን ከሰልፍ አስወጥታ በልጆቹ ሁሉ ፊት ነው የሰጠችኝ። ፖስታው ላይ ያለው የሴት እጅ ጽሑፍ መሆኑን አይተው ቀኑን ሙሉ «ማናት? ማናት?» ሲሉኝ ዋሉ። ለእህቴ ኪኒን የሸጠችላት ሴት ናት ብላቸው ዝም ይሉ ነበር። አላልኳቸውም። ከእንግዲህ የሚጽፉልኝ ከሆነ በቤታችን የፖስታ ሣጥን ይላኩ፤ ቁጥሩን ከታች አስቀምጫለሁ። አባባ ሣጥኑን አይከፍትም። ድሮም የምትከፍተው እህቴ እታለም ነበረች።

አባባ እንዴት ነው ላሉኝ፣ ደህና ነው። የመኪና ወንበር ልባስ ይሰፋል፣ ይበላል፣ ይተኛል። በእርስዎ ላይ አቤቱታውን የጻፈው እሱ ነው፤ የእሱ እጅ ጽሑፍ ስለማይነበብ እኔ ገለበጥኩለት። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል በቃሌ አውቀዋለሁ። «የሃያ ስድስት ዓመት ልጄ፣ የወር አበባ የሚያዘገይ ኪኒን ምንም ሳይጠይቁ ሸጠውላት፣ መውሰድ በጀመረች በዘጠነኛው ቀን፣ ለመረብ ኳስ ውድድር በሄደችበት ከተማ፣ እግሯ ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባዋ ሄዶ ሞታለች» ይላል። አባባ ሲጽፈው «የወር አበባ» የሚለውን ቦታ ባዶ ትቶት ነበር። የሞላሁት እኔ ነኝ።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ የለመኑኝን አንብቤዋለሁ። የሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ፊት ቀርቤ፣ ኪኒኑን ከመስጠትዎ በፊት የጥያቄ ወረቀት ሰጥተውኝ እንደነበር እንድመሰክር ነው የሚፈልጉት። ሐዘንዎንም ገልጸውልኛል፤ አመሰግናለሁ። ግን ከሐዘንዎ ቀጥለው፣ በዚያው ገጽ ላይ፣ ስለ ሙያ ፈቃድዎ መጻፍዎን ልብ ብያለሁ። በሁለቱ መካከል አንድ መስመር እንኳ አልዘለሉም።

ስልክ ቁጥርዎንም ጽፈውልኛል። አልደውልም።

የእታለም ወንድም


ኅዳር 14

ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? «ታናሽ ወንድሜ» ለማለት ፈቃድህን አልጠየቅኩም። ካልወደድከው ሰርዘው።

እውነትህን ነው፤ መስመር መዝለል ነበረብኝ። ያንን ደብዳቤ ሰባት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። በስምንተኛው ደከመኝና እንዳለ ላክሁት። ይቅርታ አድርግልኝ።

የት እንዳለሁ አልጠየቅኸኝም፤ ልንገርህ። ከፋርማሲው ከወጣሁ ወዲህ ከታላቅ ወንድሜ ቤት ነኝ። ከእናንተ የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው። ወንድሜ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው፤ እዚያ ቆሜ እርሳስና ደብተር እሸጣለሁ። ትናንት አንዲት ትንሽ ልጅ ማስቲሽ ስትገዛኝ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትጠቀምበት ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። የወንድሜ ሚስት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ስለ ወረቀቱ። አንተ «ምን ወረቀት?» ብለህ አልጻፍክልኝም፤ ይህን እኔም ልብ ብያለሁ። ዘጠኙን ጥያቄዎች የጻፍኳቸው ራሴ ነኝ። አጠገባችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ አባዝቼ መሳቢያዬ ውስጥ አኖር ነበር። የፋርማሲው ባለቤት አይወደውም ነበር። «ደንበኛ መድኃኒት ሊገዛ እንጂ ፈተና ሊቀመጥ አይመጣም» ይለኝ ነበር። እህትህ ከሞተች በኋላ መሳቢያዬን ገልብጦ አጸዳውና፣ በሱቁ እንዲህ ያለ ወረቀት ኖሮ እንደማያውቅ ለኮሚቴው ፈረመ። አሁን ወረቀቱ ላንተ መሰጠቱን የምንመሰክር ሁለት ሰዎች ነን። አንዷ ተከሳሽ ናት። ሌላው አንተ ነህ።

ጥፋት የለብኝም አልልህም። ኪኒኑን የምትውጠውን ሴት በዓይኔ ሳላይ በወንድሟ እጅ መላክ አልነበረብኝም። ይህን ራሴ ጽፌ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ፤ ለዚህ የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ። «ምንም ሳትጠይቅ» የሚለው ግን ሐሰት ነው። በእሱ ከተፈረደብኝ ዳግመኛ ነጭ ጋውን አልለብስም። ጉዳዩ የሚሰማው ጥር 2 ነው። እንድትዋሽልኝ አልጠይቅህም። «ወረቀት ሰጥታኝ ነበር፤ ተሞልቶ መልሼላታለሁ» በል። ይኸው ነው።

በርታ። ትምህርትህን አትተው።

የምታውቃት ፋርማሲስት


ኅዳር 27

ለፋርማሲስቷ፤

ጤና ይስጥልኝ። የኅዳር 14ቱም፣ ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ብቻ ጽፈው የላኩት አጭሩም ደብዳቤዎ ደርሰውኛል። መልስ ያዘገየሁት ፈተና ስላለብኝ ነው ልልዎት ነበር። ፈተና የለብኝም።

እታለም ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ጠይቀውኛል። መጠየቅ የነበረብዎት ያኔ ነበር፤ ቢሆንም እጽፍልዎታለሁ። ሴራሚክ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ ነበረች። ሥራዋ ከእቶን የወጣውን የወለል ሴራሚክ አንድ በአንድ አንሥቶ በጣት አንጓ ማንኳኳት ነው። ደህናው ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ቤትም ለምዶባት ሳህኑን፣ ብርጭቆውን፣ አንዳንዴ የእኔንም ግንባር ታንኳኳ ነበር። «አንተስ ደህና ነህ፣ ትንሽ ባዶ ነህ እንጂ» ትለኛለች። ቅጽል ስሜ «አቶ ቁምነገር» ነበር። ከእሷ ሌላ ማንም እንዲህ ብሎ አይጠራኝም፤ እርስዎም እንዳይጠሩኝ።

ለምን ኪኒኑ እንዳስፈለጋት ኮሚቴው እንደጠየቀዎት ጽፈውልኛል። ነጭ ቁምጣ ስለሆነ ነው። ለፋብሪካው የሴቶች ቡድን አዲስ ትጥቅ ሲገዛ ልጆቹ ጥቁር ይሁንልን ብለው ነበር። ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ ነጭ ላይ የፋብሪካው ምልክት ደምቆ ይታያል ብሎ ነጭ አስገዛ። ውድድሩ ስምንት ቀን ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ከእሷ ቀን ጋር ገጠመ። ባለፈው ዓመት በሌላ ቡድን አንዲት ልጅ ላይ የደረሰውን ሰው ሁሉ በስልኩ ተቀባብሎ አይቶት ነበር። እታለም ሰው አትፈራም። እሱን ግን ፈራች።

ፋርማሲው ከትምህርት ቤቴ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ እሷ ደግሞ ከሥራ ስትወጣ ስለሚዘጋባት፣ እኔን ላከችኝ። ምን ብዬ ልጠይቅ አልኳት። «የወር አበባ የሚያዘገይ ኪኒን በላቸው» አለችኝ። ጻፊልኝ አልኳት። «አፍህን ምን ነካው?» አለችኝና እየሳቀች ጻፈችልኝ። ከሥሩ «መልእክተኛው ዓይን አፋር ነው፣ ቶሎ ሸኙት» ብላ ጨመረችበት። ያነበቡት እርስዎ ነዎት። ፈገግ ማለትዎን አስታውሳለሁ። ቶሎ ግን አልሸኙኝም።

ስለ እናቴ የጠየቁኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እናቴ የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ሳለሁ በልብ ሕመም ነው የሞተችው። በቤታችን የሚታወቀው ይህ ነው። ስለዚህ ያ ወረቀት ላይ ስለ ቤተሰብ በሚጠይቀው ቦታ «የለም» የሚል ምልክት ቢኖር እንኳ ውሸት አይደለም። እታለም ዋሽታ ነው ማለት ፈልገው ከሆነ፣ እሷ አትዋሽም።

የእታለም ወንድም


ታኅሣሥ 6

ለታናሽ ወንድሜ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ከደብዳቤህ በኋላ በላክሃት አጭር ማስታወሻ አባትህ ጉንፋን እንደያዘው ጽፈህልኛል፤ ተሽሎት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በዚያችው ማስታወሻ «ይሄ ኪኒን ሰው ይገድላል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። በሙያዬ እመልስልሃለሁ። ለአብዛኞቹ ሴቶች፣ ለጥቂት ቀናት፣ በትክክል ከተወሰደ አያሰጋም። የወር አበባዋ ከሚጠበቅበት ቀን ሦስት ቀን ቀድማ ትጀምራለች፤ በቀን ሦስት ጊዜ ትውጣለች። ስታቆም በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይመጣል። ሆዷ ሊነፋ፣ ራሷን ሊያማት፣ ጠባይዋ ሊለዋወጥ ይችላል፤ ያልፋል። እርግዝና አይከላከልም፤ ይህን ብዙዎች ስለማያውቁ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ፈተና ላለባት፣ ለምትሞሸር፣ ለምትጓዝ፣ ለስንቷ ሰጥቻለሁ። ተመልሰው መጥተው ያመሰገኑኝ አሉ።

የማይሰጣቸው ግን አሉ። እርጉዝ፣ ጉበቷን የታመመች፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ደም የሚፈሳት፣ የጡት ካንሰር ያለባት። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ እሷ ራሷ ወይም እናቷ፣ አባቷ፣ እህት ወንድሟ እግር ወይም ሳንባ ውስጥ ደም የረጋበት ከሆነ፣ ሐኪም ሳያያት አንድ ፍሬ አልሰጥም። ረጅም መንገድ ተቀምጣ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። እህትህ አውቶቡስ ላይ አሥራ ሦስት ሰዓት ተቀምጣለች። በወረቀቱ ላይ ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ስለ እናትህ የጠየቅኩህ ለዚህ ነው። እናትህ ከመሞቷ በፊት እግሯ አብጦ እንደሆን አባትህ ያስታውስ ይሆናል። ጠይቀው ልልህ መብት የለኝም።

አሁን አንተ ያልጠየቅኸኝን ልንገርህ። ሴቶች ያንን ወረቀት ሲሞሉ ያመነታሉ። አንዱ ጋ ይደልዛሉ፣ ሌላው ጋ የጥያቄ ምልክት ያደርጋሉ፣ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብለው ዳር ላይ ይጽፋሉ። አንተ የመለስክልኝ ወረቀት ላይ ዘጠኙም «የለም» ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ብዕሩ ከወረቀቱ ሳይነሣ የወረደ ይመስላል። አየሁት። ቀና ብዬ ፊትህንም አየሁት። ሦስት ሰው ከኋላህ ተሰልፎ ነበር፤ ባለቤቱ ከመደርደሪያው አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። «እሷ ራሷ ናት የሞላችው?» ብዬ መጠየቅ አራት ቃል ነው። አልጠየቅኩህም። ለኮሚቴው በሰጠሁት ጽሑፍ ውስጥ ይህ የለም። ላንተ ብቻ ነው የጻፍኩት።

የምታውቃት ፋርማሲስት


ታኅሣሥ 17

ለፋርማሲስቷ፤

ጤና ይስጥልኝ። አባባን ጠየቅኩት።

ሥራ ላይ ነበር፤ የሚኒባስ ወንበር ቆዳ ይወጥራል። የእማማ እግር አብጦ ነበር እንዴ አልኩት። እጁ ቆመ። ማን ነገረህ አለኝ፤ ማንም አልኩት። መዶሻውን አስቀምጦ፣ እኔን ሳያይ፣ ለወንበሩ እንደሚያወራ ሁሉ ነገረኝ። እናቴ የሞተችው የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ሳለሁ አይደለም። የሃያ ቀን ልጅ ነበርኩ። እኔን በወለደች በሁለተኛው ሳምንት ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች አበጠ፤ ወሊድ ነው፣ ይለቃታል ተባለ። አንድ ጠዋት የእኔን ልብስ እያጣጠፈች ትንፋሽ አጠራት። ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሞተች። ሐኪሙ ደም ረግቶ ነው አለው።

ልብ ነው ያሉት ለእኔ ብለው ነው። እኔን ወልዳ እንደሞተች ካወቅኩ የገደልኳት ይመስለኛል ብለው ፈሩ። ስትሞት የነበረኝን ዕድሜም የጨመሩት ለዚያ ነው። አባባና እታለም ተማከሩበት። ያኔ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የእማማን እግር በሞቀ ጨርቅ ትጠቀልል የነበረችው እሷ ናት አለኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከአፏ አልወጣም።

ስለዚህ እርስዎ ያልጠየቁኝን አራት ቃል ልመልስ። አይደለም፣ እሷ አይደለችም የሞላችው።

ወረቀቱን ሰጥተውኝ «ቤት ወስደህ እህትህ ትሙላው፣ ነገ መልሰህ አምጣልኝ» ሲሉኝ፣ ዛሬ ነው የምትፈልገው፣ ቤታችን ቅርብ ነው፣ አሁኑኑ አስሞልቼ እመጣለሁ ብዬ ዋሸሁ። እሷ ያን ጊዜ ፋብሪካ ነበረች። ከእናንተ ቀጥሎ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። የመጀመሪያው ጥያቄ እርግዝና ነው። ሁለተኛው ስለ ደም መፍሰስ ነው። ይህን ይዤ ቤት ብገባ እታለም ራት ላይ፣ አባባ ፊት፣ ጮክ ብላ አንብባ እንደምትቀልድብኝ አውቃለሁ። «ና አቶ ቁምነገር፣ እርጉዝ ነኝ ወይ? አንተው መልስ» ትላለች። ጆሮዬ ጋለ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አላነበብኩም ማለት ይቻላል። ዓይኔ አይቶታል። እናቴ በልብ ነው የሞተችው፣ ስለዚህ የለም። ዘጠኙንም የለም አልኩ። ከዚያ ቤት ደርሼ የተመለስኩ እንዲመስል ትምህርት ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

ሦስተኛው ጥያቄ እሷ እጅ ቢገባ «አዎ» ትል ነበር። አትዋሽም ብዬዎት የለ? ለእኔ ብቻ ነው የዋሸችው።

ኮሚቴው ፊት ልምጣ አልምጣ አላውቅም። አባባ እዚያ እንደሚቀመጥ ያውቃሉ? ከሳሹ እሱ ነው። ለእኔ ብሎ የደበቀው ነገር ሴት ልጁን እንዳሳጣው ከእኔ አፍ፣ በሰው ፊት ሊሰማ ነው። እርስዎ ጋውንዎን ያጣሉ። እኔ ደግሞ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

የእታለም ወንድም


ታኅሣሥ 24

ወንድሜ፤

ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። የወንድሜ ሚስት ወንበር አመጣችልኝ።

«አትምጣ፣ አባትህን ጠብቅ» ብዬ ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር። ደግ ሰው እንዲህ ይጽፋል። እጄ እምቢ አለኝ። ብትመጣልኝ እፈልጋለሁ። ስምንት ዓመት የለፋሁበት ሥራ ነው፤ ሌላ ሥራ አላውቅም፤ በሐሰት ልነጠቅ አልፈልግም። ይህን ላንተ፣ ለልጅ መጻፌን አፍርበታለሁ፤ ግን እውነቱ ይህ ነው። የምትመርጠው አንተ ነህ። ባትመጣ ስምህን አላነሣም።

ሦስተኛው ላይ «አዎ» ብትል ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አልጠየቅኸኝም፤ ኪኒኑን አልሰጣትም ነበር። ሐኪም ዘንድ እልካታለሁ። ለምክትል ሥራ አስኪያጁም፣ ሠራተኛን ኪኒን ከማስዋጥ ቁምጣ መቀየር ይቀላል ብዬ በፋርማሲው ማኅተም ደብዳቤ እጽፍላት ነበር። ምናልባት ይስቅብኝ ነበር። እሷ ግን ትኖር ነበር። አየህ፣ እኔም እንዳንተ ሌት ተቀን እሱን ነው የማስበው።

ወረቀቱን የሞላኸው አንተ ነህ፤ ያመንኩት ግን እኔ ነኝ። ያልነገሩህን ነገር ልታውቅ አትችልም ነበር። ይህን በደንብ ያዝልኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ኮሚቴው ስለሚጠይቅህ ድንገት እንዳይሆንብህ ነው። ኪኒኑን በትንሿ ከረጢት አድርጌ ስሰጥህ በቃሌ ያልኩህ አለ፤ በጽሑፌ ውስጥም አስፍሬዋለሁ። «አንድ እግሯ ካበጠ ወይም ካመማት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት፣ ኪኒኑን አቁማ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ትሂድ በላት» ብዬህ ነበር። እሺ ብለኸኛል። ነግረሃት እንደሆን እኔ አልጠይቅህም። እነሱ ግን ይጠይቁሃል።

የምታውቃት ፋርማሲስት


ጥር 12

ለእህቴ ለፋርማሲስቷ፤

ጤና ይስጥልኝ። በሰላም መግባትዎን ከላኩልኝ ደብዳቤ አውቄ ደስ ብሎኛል። ውሳኔው ለእኛም ደርሶናል። «ምንም ሳይጠይቁ» የሚለው ተሰርዟል፤ መድኃኒቱን ለሦስተኛ ሰው አሳልፎ በመስጠት ስድስት ወር ታግደዋል። ፋርማሲው እንደተከፈተ ነው። ትናንት ከትምህርት ቤት ስወጣ አየሁት፤ ባለቤቱ በሩን አረንጓዴ ቀለም እያስቀባ ነበር። እርስዎ ቆመው ይሠሩበት በነበረው ቦታ አዲስ ልጅ ገብታለች። ወረቀት የምትሰጥ አይመስለኝም።

እርስዎን ካስወጡዎት በኋላ የሆነውን ጠይቀውኛል። በሩ ላይ ሲጠብቁኝ ሳላናግርዎት ያለፍኩት ተቀይሜዎት አይደለም።

ስለ ወረቀቱ ያልኩትን ሰምተዋል፤ እስከዚያ ድረስ ውስጥ ነበሩ። የፎቶ ኮፒ ቤቱን ደረጃም፣ ዘጠኙን «የለም»ም፣ ስለ እማማም ተናገርኩ። አባባ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እኔም አላየሁትም። ያኔ ነው እርስዎን ውጭ ይጠብቁ ያሉዎት። ከዚያ ሰብሳቢው ጽሑፍዎን ገልጦ፣ እግሯ ካበጠ የሚለውን ማስጠንቀቂያ ለእህትህ አድርሰሃል ወይ አለኝ።

ኪኒኑን ስሰጣት አላደረስኩም አልኩ። ከረጢቱን አልጋዋ ላይ ወርውሬ ነው የሮጥኩት።

ሌላው አባል፣ ሴትየዋ፣ በኋላስ አለችኝ። ዝም ብል ይበቃ ነበር። ወረቀቱን ተናግሬያለሁ፤ እርስዎ የሚፈልጉት እሱን ነው። የቀረውን የሚያውቅ ከእኔ በቀር ማንም የለም። ስልክ አልደውልልዎትም ያልኩዎት በዚህ ምክንያት ነው። ስልክ ጆሮዬ ላይ ሳደርግ እሷን እሰማለሁ።

ውድድሩ በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ራት ላይ ደውላለች። ሦስት ጨዋታ አሸንፈዋል። ግራ ባቷን አሟታል፤ አብጦ ካልሲዋ ቀለበት ሠርቶበታል። አሠልጣኙ ጡንቻ ነው ብሎ በዘይት አሽቷታል። «አረጀሁ አቶ ቁምነገር፣ ምርኩዝ ግዛልኝ» አለችኝ። የእርስዎ ቃል በአንድ ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ ድምፅዎ ሳይቀር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አባባ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ይበላል። እንድነግራት ኪኒኑን ማንሣት አለብኝ። ኪኒኑን ካነሣሁ አባባ የምን ኪኒን ነው ይላል። ከዚያ ምን እላለሁ? «እረፊ፣ ይለቅሻል» አልኳት። በኋላ በመልእክት እጽፍላታለሁ ብዬ አሰብኩ። ጻፍኩም፤ ቃሉ አስጠላኝና አጠፋሁት። ነገ ጠዋት አልኩ። በማግሥቱ ጠዋት የሒሳብ ፈተና ነበረኝ። ከፈተናው ስወጣ የጎረቤታችን ልጅ በር ላይ ይጠብቀኛል።

ይህን ሁሉ ለኮሚቴው ነገርኩ። ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀምጦ፣ ለምን አልነገርካትም አለኝ። አባቴ አጠገቤ ስለነበረ ነው አልኩ።

ሁሉም ዞረው አባባን አዩት። እሱ ተነሣ። ሰብሳቢው፣ አቤቱታ አቅራቢ ሳይፈቀድለት አይናገርም አለው። አባባ የሰማው አይመስለኝም። እኔን ነው የሚያየው። ስለ እማማ ከነገረኝ ቀን ጀምሮ ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም ነበር።

«ኪኒኑን ማን አንሣ አለህ?» አለ። «እግሯን አመማት ብትለኝ ይበቃኝ ነበር። ስልኩን ከእጅህ ቀምቼ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ እላት ነበር። ያንን እግር ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ኮፍያው ወድቆ ነበር፣ አላነሣውም። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ አንገቷን ደፍታ ስትጽፍ ቆየችና፣ ይህንንም ልጻፈው ወይ ብላ ሰብሳቢውን ጠየቀችው። አይጻፍ፣ ከተያዘው ጉዳይ ጋር አይገናኝም አለ። ሰረዘችው።

ከመዝገቡ ስለወጣ ነው ለእርስዎ የጻፍኩልዎት። አንድ ቦታ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

የእታለም ወንድም